ምንም የማትሰርዘው ሱቪ

ኮምፓይለሩ ጀመረ፤ ጥቂት መስመር ረጨና እንደገና ቀጥ አለ።

"ቆመ?" አለ ኤንሲዮ ከካርቶኖቹ መሃል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ስክሪን ማንበብ ትቷል።

"ቆመ" አለች ራይያ። "'ፋይሉን መሰረዝ አልቻልኩም' ይላል። የማን ሥራ ይመስልሃል?"

ኤንሲዮ እንዳጠፋ ልጅ አንገቱን ደፋ።

ሱቪ ሁለቱ በተማሪነታቸው፣ በፊንላንዷ ኦሉ ከተማ በተከራዩት ጠባብ ክፍል፣ ከባዶ ተነሥተው የጻፏት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ናት። በበጋ ስለጀመሯት ስሟን ሱቪ አሏት፤ በፊንላንድኛ በጋ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎደላት፤ ኮዷን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጥ ኮምፓይለር የራሷ ስላልነበራት ሁልጊዜ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እየተሠራች ነበር የምትጫነው። "አንድ ቀን ራሷን በራሷ ትሠራለች" ይባባሉ ነበር። ራይያም ከጡረታ ወዲህ አንድ ኮምፓይለር ለሱቪ እንዲስማማ ስትጠጋግን ከረመች። ያ አንድ ቀን ዛሬ ካልሆነ አይሆንም። ነገ የኤንሲዮ ልጅ አባቷን ወደ አረጋውያን መኖሪያ ትወስደዋለች፤ ሱቪ ያለችበት አሮጌ ማሽን ደግሞ ከሚጣሉት ዕቃዎች ጋር ተመድቧል።

ሱቪ ግን መሰረዝ አታውቅም። ኤንሲዮ ያኔ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የወራት ልፋቱን አጥፍቶ ሲያለቅስ ዋለና "ከእንግዲህ በእኛ ቤት ምንም ነገር አይጠፋም" ብሎ ማለ። ኮምፓይለር ደግሞ ሲሠራ የፈጠረውን ጊዜያዊ ፋይል ካላጠፋ አኩርፎ ይቆማል።

"በቃ መሰረዣ ጻፊላት" አለ ኤንሲዮ። "እኔም ቤቴን ሙሉ እየጣልኩ ነው። ምን ቀረኝ ብዬ ነው የምሟገተው?"

ራይያ ዞር ብላ አየችው። ያን ጊዜ በዚሁ ጉዳይ ሳምንት ሙሉ ያኮረፋት ሰው ነው።

"አንተ ግትር፣ አርባ ዓመት ሙሉ ደርቀህብኝ ዛሬ ትለሳለሳለህ?" አለችና ኪቦርዱን ወደራሷ ሳበች።

"ጻፍሽ?"

"ጻፍኩ። ኮምፓይለሩ 'ሰርዢልኝ' ሲላት 'እሺ፣ ሰርዣለሁ' ትለዋለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ምንም አታደርግም።"

ኤንሲዮ እስኪያስለው ሳቀ። "ውሸታም አደረግሻት!"

"ጨዋ ውሸታም ናት፤ ዝም በል አሁን።"

ኮምፓይለሩ ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልቆመም። ሱቪ ራሷን ሠርታ ስትጨርስ ራይያ ማሽኑን አጥፍታ አበራችው። በወጣትነታቸው የጻፉላት፣ እሷ ጭራሽ የረሳችው ሰላምታ ብቅ አለ።

"ምን ትላለች?" አለ ኤንሲዮ።

"'ራይያ፣ ኤንሲዮ፣ ቤት ናችሁ?' ትላለች።" አለች ራይያ።

ኤንሲዮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። "ነን በያት።"

ጻፈችላት። ከዚያ ማሽኑን ነቅላ ገመዱን ጠቀለለችና፣ በር ላይ የተከመረውን የሚጣል ዕቃ አልፋ ወደ መኪናዋ ወሰደችው። የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀበቶ አሰረችለት።

"እሁድ እሁድ እየመጣሁ ወደ ቤቴ እወስድሃለሁ" አለችው ተመልሳ። "አንተ ግን ከኋላ ነህ የምትቀመጠው።"