ከውኃ የወጡ ምስክሮች

ጠላቂዎቹ ከአዲስ አበባ የመጡት የሰመጠ መርከብ አለ ሲባል ሰምተው ነው። ዘንገና ሐይቅ ላይ መርከብ ኖሮ አያውቅም። የሰመጠችው አሥር ሰው የምትይዝ የቆርቆሮ ጀልባ ናት። ከባሕር ዳር በአይሱዙ ተጭና ስትመጣ የእንጅባራ ሰው ለቀልድ "መርከቧ" አላት፤ ስሟ ፌስቡክ ላይ ወጣና ሦስት ሰዎች የአየር ሲሊንደራቸውን ጭነው ከተፍ አሉ። መሪያቸው ሰላሁዲን መጥለቅ የተማረው ጅቡቲ ሲሠራ ነው። ፀደይና ስማቸው የሚባሉት እሱ ያስተማራቸው ወጣቶች ናቸው። ለሽርሽር ነበር የመጡት።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ አምስት ሽማግሌዎች ፈረሶቻቸውን አስረው ጠበቋቸው። እኔም ነበርኩ።

"እሳቸው ማን ናቸው?" አለችኝ ፀደይ፣ በዕድሜ የሚበልጡትን አያ ደጉን እያየች።

"ዳኛ ናቸው።"

"የመርከብ ዳኛ?"

ለምን እንደተሰበሰብን ነገርኳቸው። ባለፈው ጥቅምት ባለቤቴ ይሄነው የእንጅባራ ወጣቶች ማኅበር ያስመጣትን ያችን ጀልባ ሞተሯን ሊሞክርላቸው ብቻውን ይዟት ገባ። መሐል ሳይደርስ ውኃ ሞላባት። ዳር የነበሩ ሰዎች ቆሞ በጣሳ ውኃ ሲቀዳና ሲደፋ አይተውታል። ከዚያ አላዩትም። ስለ እሱ ይህን ያህል ብቻ ነገርኳቸው።

ጀልባዋ ከኋላዋ፣ ወለሏ አጠገብ፣ አንዲት ቀዳዳ አለቻት። የብስ ላይ ስትሆን የዝናብ ውኃ እንዲወጣ ትከፈታለች፤ ሐይቅ ላይ ስትወርድ በጎማ ውታፍ ትደፈናለች። ይህ የጠባቂው የእንየው ሥራ ነበር። "ደፍኛለሁ" አለ። ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ተቀመጡ፤ ሲደፍናት ያየ ጠፋ። እውነቱ እስኪታወቅ ተብሎ እንየው ከእድር ወጣ። ቤቱ ሰው አይገባም፣ እሱም ሰው ቤት አይገባም። እናቱ ካሳነሽ ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ይዘዋል። ቢሞቱ የሚቀብራቸው የለም።

ሰላሁዲን የመጥለቂያ ልብሱን ዚፕ እንደያዘ ሰማኝ። "እንግዲያው ውታፏን እናያለን" አለ።

እንየው ከሰው ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር።

ጀልባዋ ወደ ጥልቁ ሳትወርድ ከዳር ብዙ ሳትርቅ ተንጠልጥላ መቅረቷን የማኅበሩ ልጆች በገመድና በድንጋይ ፈልገው ደርሰውበታል። ሦስቱም እዚያ ቦታ ላይ ገቡ። ውኃው ላዩ አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ምንም አይታይም። አረፋ ብቻ ይወጣል።

"ፈላ እንዴ?" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

"ትንፋሻቸው ነው" አልኳቸው።

"ብዙ ትንፋሽ ነው ያላቸው።"

መጀመሪያ ብቅ ያለው ስማቸው ነው። እጁ ላይ ጫማ ይዟል፤ የወንድ ጫማ፣ የቀኝ እግር፣ ጭቃ የሞላው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተቀበልኩት።

"የእሱ አይደለም።"

"ደህና አድርገሽ እይው፣ ልጄ" አሉኝ አያ ደጉ።

"ቁጥሩ ያንሳል።"

የማን እንደሆነ የሚናገር አልተገኘም። ከይሄነው በቀር እዚያ ሐይቅ ገብቶ የቀረ ሰው አናውቅም። አያ ደጉ ጫማው ድንጋይ ላይ እንዲቀመጥ አዘዙ፤ እሱም ምስክር ይመስል።

ሌሎቹም ሲወጡ ሦስቱን ለያዩአቸው። ፀደይን መኪናው ጋ፣ ስማቸውን ፈረሶቹ ጋ ላኩና ሰላሁዲንን ፊታቸው አቆሙት።

"አባባ፣ አብረን ብንነግርዎት አይሻልም?"

"ምስክር ከምስክር ጋር አይመካከርም።"

"በርዶኛል እኮ።"

"ብርዱ ያንተ ነው፣ ቃሉ የኛ ነው። ተናገር።"

ሰላሁዲን ተናገረ። ጀልባዋ በሆዷ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ደርሶ ዳብሷታል፤ ውታፏ አለች፣ በጣቱ ቢገፋት አልነቃነቅ አለች። ይህን ሲል እንየው መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ፀደይ ተጠራች። ጀልባዋ በጎኗ ተኝታለች፤ ቀዳዳዋ ክፍት ናት። "ጣቴን አስገብቼባታለሁ" አለችና ጣቷን አሳየች። እንየው ተነሥቶ ቆመ።

ስማቸው ጀልባ የሚባል አላየም። ያየው ግንድ ነው፤ ጫማውም ግንዱ ሥር ነበር።

"ከእነሱ ጋር አልነበርክም?"

"እጄን ይዘውኝ ነበር፣ አባባ።"

አንድ ላይ ሲቆሙ እርስ በርስ ተከራከሩ። "የሞተሩን ቀዳዳ ነው የነካሽው" አላት ሰላሁዲን። "አንተ ፊቷ ጋ ነበርክ" አለችው። ፊቷንና ኋላዋን በምን እንደለዩ ጠየቅኳቸው። ተያዩ። ባትሪው ከክንድ በላይ አያሳይም፣ ጭቃውም ይነሣል። ፀደይ ውኃ ውስጥ በካሜራ የቀረጸችውን አወጣች፤ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ሽማግሌዎቹ ካሜራውን ተቀባበሉት።

"ይኼ ምንድነው?"

"ውኃው ነው።"

"ውኃውንማ ከዚህም እናየዋለን።"

ተመለሱና ግቡ ቢባሉ ሰላሁዲን እምቢ አለ። አየሩ አልቋል፤ ደጋ ላይ ደግሞ በአንድ ቀን ደጋግሞ መጥለቅ ሰው ይገድላል አለ።

"ይቅር" አሉ አያ ደጉ። "አንድ ሰው በቅቶናል።"

ሰላሁዲን ሲናገር አንድ ነገር ከላዬ የወረደ መስሎኝ ነበር። ፀደይ ስትናገርም እንደዚያው። ሁለቱ እንዴት አንድ ዓይነት እንደሆኑብኝ አልገባኝም፤ አሁንም አይገባኝም።

"ምስክር ሲለያይ ነገሩ ወደ ሟች ወገን ይመለሳል" አሉ አያ ደጉ። "እመቤት፣ እንየው ይማልልሽና ትቀበይዋለሽ? ወይስ እንዳለ ይቆይ?"

"አይማል።"

"አላምነውም ነው?"

"አይደለም።"

"አምነዋለሁ ነው?"

"እሱም አይደለም፣ አያ። እናቱ ዘንድ ሰው ይግባ።"

"የእሱስ ነገር?"

"የእሱን አላውቅም።"

"ይኼ ምን ይባላል? ፍርድ ነው? ዕርቅ ነው?"

"እርስዎ ስም ያውጡለት።"

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ሌላው ግን የሟች ወገን ሳይገባ ወደዚያ ቤት ቀድሞ የሚገባ እንደሌለ አስታወሱ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። "እሺ" አልኩ።

ቤቱ ከሐይቁ ጀርባ ነው፣ ቀርከሃ አጥር አለው። ካሳነሽ መደቡ ላይ ተኝተዋል።

"ማነሽ?"

"እመቤት ነኝ። የይሄነው።"

ለመቀመጥ ሞከሩ፤ ደግፌ ትራሱን አስተካከልኩላቸውና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

"ውታፏ ተገኘች?" አሉኝ።

"አለች የሚልም አለ፣ የለችም የሚልም አለ።"

"አንቺስ?"

"እኔ አልጠለቅኩም፣ እማማ።"

ውጭ ሽማግሌዎቹ ልጓም እንደያዙ ቆመዋል። ጠላቂዎቹም ተከትለው መጥተዋል፤ መግባት ይፈቀድላቸው እንደሆነ የነገራቸው የለም። እንየው የገዛ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

"ምን ይገትርሃል?" አሉት እናቱ። "ቤትህ አይደል?"

እኔን አየኝ። በርጩማዬን ወደ ግድግዳው ሳብ አድርጌ መንገድ ለቀቅኩለት። እሱ ግን እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

"በሩን ዘጋኸው እኮ" አሉት ካሳነሽ። "ሰው በየት ይግባ?"