የረቢአ ባትሪ በረመዳን

ሙህዲን እምቢ ማለት አያውቅበትም። ከሚሴ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ አውቶቡስ ትናንት አውርዶት የሄደ መንገደኛ ብቻ ነው። አካፋውን ወስዶ ያስቀረ ጎረቤት ዶማውን ሊዋስ ሲመጣ «አካፋውስ?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። መሰላሉ ከቤት ከወጣ ክረምት አልፎበታል። የት እንዳለ ያውቃል፤ ሄዶ ማምጣት ነው የሚያፍረው።

ሚስቱ ረቢአ ግን የሥራ ሰው ናት። በፒክአፕ የምትጎተት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ቤት አለቻት፤ በጎኗ መስኮት፣ በውስጧ ትንሽ ፍሪጅ፣ ከወለሏ ሥር በሶላር የሚሞላ አንድ ወፍራም ባትሪ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወስዷታል። በዚያ ሐሩር ግመል ሲነዳ ለመጣ ሰው የቀዘቀዘ የማንጎ ጭማቂ ምን ማለት እንደሆነ የጠጣው ይንገራችሁ። ሙህዲን ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ይሄዳል፣ ሲደርስ ጭማቂ ይቀዳል፣ ካገኘው ሰው ጋር ሁሉ ያወጋል። ከሳምንቱ ቀኖች ሰኞን የሚያህልበት የለም።

ረመዳን ሲገባ ቀን ጭማቂ የሚጠጣ ስለሌለ ተሳቢዋ ግቢ ውስጥ ትቆማለች። ባትሪ ደግሞ ሥራ ሲፈታ ይሞታል። አምና የሆነው ይኸው ነበር፤ ከኢድ በኋላ ባለችው ሰኞ ፍሪጁ አልነሳም አለ፣ እነሱ ሲንደፋደፉ ሌላ ነጋዴ ቦታቸው ላይ ድንኳኑን ተከለ። ቦታውን ለማስመለስ ስንት ሽማግሌ ተለመነ!

ስለዚህ ዘንድሮ ረቢአ ባሏን ባትሪው ፊት አቁማ ተናገረች።

«ጥቁሩን ሽቦ ንቀለው። ባዶ መሬት ላይ እንዳይሆን ጣውላ ላይ አስቀምጠው። በየሳምንቱ ከሶላሩ ጋር አገናኝተህ ፀሐይ አብላው። ለማንም አትስጥ። ለእናትህም፣ ለእኔም።»

«አብሽሪ።»

«አብሽሪን ተወኝና ስማ። አሁንም ፍሪጁ ካልተነሳ የባቲው ቦታ አለቀለት። ወላሂ፣ ከዚህ ባትሪ ትንሽም ቢሆን የቀዳ፣ የሰጠም የወሰደም፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከሹፌሩ ጎን አይቀመጥም። ከኋላ ከማንጎው ጋር ይጫናል።»

ወላሂ ከተባለ በኋላ ቀልድ የለም።

ጾሙ በገባ በጥቂት ቀን የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጧ ብሎ ፈነዳ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ሁሉ ሞተ። መጀመሪያ የመጣችው የአጥር ጎረቤታቸው ዓፊያ ናት።

«አካም ቡልቴ ሙህዲን። ይቺን ስልክ አንዴ ብቻ ባትሪው ላይ ብትሰካልኝ።»

ሙህዲን አፉን ከፈተ። በአማርኛ እምቢ የሚለው ቃል ሊመጣለት አልቻለም። «ሂንጂሩ» አለ በኦሮምኛ። የለም ማለቱ ነው። ዓፊያ ደነገጠች፤ እሱ ከእሷ ይብስ ደነገጠ።

ነገሩ ግን ይጣፍጣል ለካ። በማግስቱ ካሚል የሚባለው ልብስ ሰፊ መጣ፤ «ሂንጂሩ»። ከዚያ ወዲያ የበሩ ቆርቆሮ ገና ኳ ሲል «ሂንጂሩ» ማለት ጀመረ፤ አንድ ቀን የጎረቤት ፍየል ናት በሩን የገፋችው፣ ለእሷም ብሏታል። ሰፈሩ አማው፤ «ሰው በጾም ይለግሳል፣ ሙህዲን በጾም ሰሰተ» ተባለ። እሱ ግን ኮራ።

ኩራቱ ሼህ ሙሄ እስኪመጡ ድረስ ነው። ሼህ ሙሄ አዛን የሚሉት የመስጊዱ ሙአዚን ናቸው፤ ድምፃቸው ያማረ፣ ዓይናቸው ሰው የሚያሳፍር።

«የመስጊዱ ባትሪ ተበላሽቶ ጥገና ገብቷል» አሉ። «በባዶ ጉሮሮ ብጮህ ላይኛው ሰፈር አይደርስም። ጾመኛው በምን ይወቅ? ያንን ባትሪ ለአዛን ብቻ ብትሰጠን፣ በአዛኑ ያፈጠረ ሁሉ አጅሩ፣ ምንዳው ላንተ ነው።»

«ሂንጂሩ» እስከ ጉሮሮው መጥታ ተመለሰች። በረመዳን፣ ለመስጊድ፣ ለአዛን እምቢ የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

«ለአዛን ብቻ ነው፣ ሼህ?»

«ለአዛን ብቻ።»

ረቢአ ገበያ በሄደችበት ባትሪው በጋሪ ወጣ። ሙህዲን ባዶውን ጣውላ አየው። አጠገቡ ያገኘውን ከባድ ነገር፣ የወፍጮዋን መጅ፣ ጣውላው ላይ አስቀመጠና ጆንያ አለበሰው፤ የሶላሩንም ሽቦ ከጆንያው ሥር ሸጎጠው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሶላሩን ወደ ፀሐይ እያዞረ ድንጋይ ፀሐይ ማብላት ሥራው ሆነ።

«አላህ ይስጥህ፣ ዘንድሮስ ሰው ሆንክ» ትለዋለች ረቢአ ስታልፍ። ምርቃቷ እንደ እሾህ ይወጋዋል። ደግሞ ወዲያው፣ «የበርበሬ መጄን ምን እንደበላው ግን ግራ ገባኝ። ድንጋይ ይሰረቃል?»

«የዘንድሮ ሰው ምን ይተዋል» ይላል ሙህዲን፣ ሶላሩን እያዞረ።

አንድ ነገር ብቻ ደስ አለው። ስልክ ይዞ በር የሚያንኳኳ ጠፋ። ሰዉ ተስፋ ቆረጠ ብሎ አሰበ። ረቢአ ማታ ማታ ጨፋ ሮቢት ካለችው እህቷ ጋር በስልክ ስትሳሳቅ ይሰማል። ስልኳ በምን ነፍስ እንደዘራ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ግን እሱ ራሱ ጥያቄ የሚወድበት ሰሞን አልነበረም።

ኢድ ሲቃረብ አንድ ምሽት ባልና ሚስት ተምር ይዘው አዛን ይጠብቃሉ። «አላሁ አክበር» አሉ ሼህ ሙሄ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ሳሳ። ሦስተኛው ላይ አፋቸው በጋቢ እንደታፈነ ሆነ፣ ተንኮሻኮሸ፣ ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ተምሩን አፉ ደጃፍ ላይ እንደያዘ ቀረ።

«ገብቷል ወይስ አልገባም?» አለች ዓፊያ ከአጥሩ ማዶ።

«ገብቷል፣ ብዪ!» አለ ሙህዲን ቶሎ ብሎ።

ረቢአ ተምሯን ቀስ ብላ በላች፣ ውሃዋን ጠጣች። ከዚያ፣ «መብራት ሲሄድ ድርግም ብሎ ነው» አለች። «እንዲህ እየሳሳ የሚሞት ባትሪ ነው። የመስጊዱ ባትሪ ደግሞ ጥገና ገባ ሲባል ሰምቻለሁ። ሙህዲን፣ ይሄ የማን ባትሪ ነው?»

ሙህዲን ተምሩን ከነፍሬው ዋጠው።

ተነሥታ ጆንያውን ገለጠች። መጇን አየች። ብዙ ቆማ አየቻት፤ ሙህዲን ስድቡን ጠበቀ፣ ስድቡ አልመጣም። ነጠላዋን ብቻ አጠበቀችና መንገድ ጀመረች፣ እሱም ተከተላት። ልቡ ፈርቶ ነበር። የፈራው ቁጣዋን አልነበረም፤ ሰኞን ነበር የፈራው።

የመስጊዱ ዕቃ ቤት ከግቢው በር አጠገብ ናት። ሼህ ሙሄ በሩን ሲከፍቱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ባትሪው መሐል ላይ ቁጭ ብሏል፣ ከላዩ ማከፋፈያ፣ ከማከፋፈያው ደግሞ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ተሰክቷል።

«ለአዛን ብቻ አላሉኝም ነበር?» አለ ሙህዲን።

«ብዬ ነበር» አሉ ሼህ ሙሄ። «ሙህዲን በር ዘጋብን እያሉ መጡ። በረመዳን የመስጊድ በር እንዴት ይዘጋል? ሁሉም አንዴ ብቻ ነው ያለኝ።»

ረቢአ ስልኮቹን እያነሣች ጀመረች። «ይሄ የካሚል ነው። አያፍርም! ይቺ የዓፊያ። እንዴት ደፈረች? ይቺ ደግሞ ቀይ ልባስ ያላት...»

እዚያ ላይ አቆመች። ቀይ ልባስ ያላት፣ ጥጓ የተሰነጠቀው ስልክ የራሷ ናት።



«ዓፊያ ናት የምትወስድልኝ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ቀንሶ። «የማስሞላበት ቦታ አለኝ ስትል የት ነው ብዬ አልጠየቅሁም።»

ሙህዲን ሳቁ ሆዱ ውስጥ ተንከባለለ። ታግሎ መለሰው፤ ወንድ ልጅ መሳቂያ ጊዜውን ማወቅ አለበት።

ረቢአ ስልኳን ነቀለችና ቀና አለች። «ስልኩን የሚፈልግ ሶላር ከየትም ፈልጎ ይዞ ይምጣ» አለች።

በማግስቱ ባትሪው ቤቱ ተመልሶ ግቢያቸው በሶላር ተሞላ፤ ካሚል አንድ፣ ዓፊያ አንድ፣ ሼህ ሙሄ ከዘመድ ተውሰው አንድ። ባትሪ ሠሪው አንዋር ውሃ ጨመረበትና «ቀስ ብሎ ይብላ፣ ይድን እንደሆነ ግን እኔ አላህ አይደለሁም» ብሎ ሄደ። ሙህዲን ኢድ ሰግዶ ሲመለስ እንኳ አዲስ ልብሱን ሳያወልቅ ሶላር ሲያዞር ዋለ። ከድንጋይ ይልቅ ባትሪ ማብላት እንዴት ደስ ይላል!

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ረቢአ ጥቁሩን ሽቦ አሰረች። ፍሪጁ ጉሮሮውን ጠራርጎ ማንጎራጎር ጀመረ። ሙህዲን «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ፤ ለፍሪጅ አለቀስኩ እንዳይባል ወደ ማንጎው ዞረ። ከዚያ መንገድ ላይ ሽቦው እንዳይላላ ባትሪውን ፈትተው አወጡት።

ሹፌሩ የፊቱን በር ከፍቶ ጠበቀ። ሙህዲን ረቢአን አየ። ረቢአ ሙህዲንን አየች። ወላሂ ብላ የማለችው እሷ ናት፤ የሰጠም የወሰደም ብላ።

ባትሪውን አንሥተው ከሹፌሩ ጎን አስቀመጡት፣ በቀበቶም አሰሩት። ሁለቱ ከኋላ ወጥተው ማንጎ ሣጥን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መኪናው ሊነሣ ሲል ዓፊያ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ባቲ ስትደርሱ አንዴ ብቻ...»

«ሂንጂ...» ብሎ ጀመረ ሙህዲን። የረቢአ እጅ ግን ቀድሞ ተዘርግቷል።

«አንድ ብቻ ናት» አለችው፣ ስልኩን ጉያዋ ውስጥ እየከተተች።

ሙህዲን ወደ እሷ ትንሽ ጠጋ አለ፣ መኪናውም ወደ ባቲ ተነሣ።