የሌለ አጎቴ ለቅሶ

ወንድም ብሩ ፕሮግራም ማውጣት ነፍሱ ነበር። መፈጸሙን አላልኩም፤ ማውጣቱን ነው። በ1977 ዓ.ም. የደሴ፣ የኮምቦልቻና የሐርቡ ባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት የጋራ አገልግሎት ሰብሳቢ እሱ ነው። ሦስቱ ተደምረን ሰባ ሰው ብንሞላ ነው። የጸሎት ቤታችን በር ከታሸገ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ በየሰው ሳሎን ተደብቀን ነው የምንገናኘው። ወንድም ብሩ ግን እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ በሹክሹክታ፣ አንድ ጣቱን ወደ ጣሪያ ቀስሮ "የሚቀጥሉት ሦስት ወራት መርሐ ግብሮቻችን" ብሎ ሲጀምር ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ የሚያዳምጠው ይመስለዋል።

ያን ዓመት ረሃብ ነው። ኮምቦልቻ መጠለያ ውስጥ ገንፎ የሚያገነፋ፣ ሕፃን የሚያጥብ ሰው ጠፍቷል። "በጎ ፈቃደኞች እጃችሁን አንሡ" አለ ወንድም ብሩ። አርባ አንድ እጅ ተነሣ። እያለቀሰ ያነሣም ነበር። በቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት መጠለያው በር ላይ የተገኘነው አራት ነን፤ እኔ፣ በሺር የሚባል የኮምቦልቻ አናጢና ሁለት የሐርቡ ሴቶች። ወንድም ብሩ የለም። እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ፕሮግራም እያወጣ ነበር።

እንዲህ ስናገር ንቀት የተጠናወተኝ ሴት እንደምመስል አውቃለሁ። ነኝም። ሸዋረጋ ማለት አፏን የማትገታ ናት ይላሉ ሰዎች፤ የባሰው ግን አፌ ሳይሆን ዝም ብዬ በልቤ የምስቀው ነው። ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ የመጣው ከዚያ ሳቅ ነው።

ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ሠፈር ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ ብሎኬት ይሠራ ስለነበር ጓሮዬ ውስጥ ቁመተ ረጅም ሰው ተጋድሞ የሚሰጥምበት የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ከእኔ ጋር የምትኖረው እናቴ ወለተ ማርያም ናት፤ አልጋ ከያዘች ሁለት ዓመቷ። እሷ በማርያሟ እንደጸናች ነው። እኔ ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ ዘመድ የተባለ በራችንን አይረግጥም። እናቴ ስለ ሃይማኖቴ አንድ ቀን ክፉ ተናግራኝ አታውቅም፤ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ልጄ፣ ስሞት ሰው ያንሣኝ። ብቻሽን እንዳትጎትችኝ።"

የሚያነሣት ቅሬው ነበር። ቅሬ ለወሎ ሰው ሞቱን የሚይዝለት ማኅበር ነው፤ በእኛ ሠፈር እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፣ አንዱ ያንዱን ቃሬዛ ይሸከማል። እናቴ ሠላሳ ዓመት የማንም ለቅሶ አምልጧት አያውቅም። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ሙሄዲን የሚባሉ ጥላ የሚያድሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለት ሰው ተጣልቶ እሳቸው ፊት ከቀረበ የተናገሩት አይመለስም። እናቴ እሳቸውን ተማምና ነው የተኛችው።

ሚያዝያ ላይ የጥምቀት ነገር ተነሣ። እኛ ባፕቲስቶች ሕፃን አናጠምቅም፤ አምኖ የመጣ ሰው ነው ሙሉ አካሉ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው። ሰባት ሰዎች ዓመት ሙሉ ተምረው ይጠብቃሉ። ቦርከና ወንዝ ዳር ደግሞ ያን ጊዜ ወታደርና ተፈናቃይ እንጂ ባዶ ቦታ የለም። ስለዚህ የኔ ገንዳ ታሰበ። ገንዳው ይሁን፤ ከሦስት ከተማ የሚመጣው ሃምሳ ሰው ምን ተብሎ ሆጤ ይገባል?

"ቀበሌ ፈቃድ የማይጠይቀው ለለቅሶ ብቻ ነው" አለ ወንድም ብሩ፣ ጣቱን ቀስሮ። "ስለዚህ በእህት ሸዋረጋ ቤት መርዶ ይኖራል።"

"ማን ሞቶ?" አለ በሺር።

"የእናቷ ወንድም። አሰብ ወደብ የሚሠራ። ሩቅ ስለሆነ ሬሳ አምጡ የሚል የለም።"

"ቅሬው ቢመጣሳ?"

"ቀብር በሌለበት ቅሬ ምን ሥራ አለው?" ብሎ ፈገግ አለ።

ወንድም ብሩ ላጤ ነው፤ የተከራየው አንድ ክፍል ነው፤ ከምንም ቅሬ የለበትም። ስለ ሞት የሚያውቀው ስብከቱ ላይ ያለውን ነው። እኔ ግን የሆጤ ቅሬ ለመርዶም ድንኳን ይዞ እንደሚመጣ፣ ሦስት ቀን እንደሚቀመጥ ጠንቅቄ አውቃለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ያ ሁሉ ፕሮግራም ዓይኑ እያየ ሲፈርስበት፣ ያ ጣት ሲታጠፍ ለማየት ጓጓሁ። ውሸቱ ቢታወቅ እናቴን ማን ያነሣታል የሚለው ነገር ውስጤን ነካ አድርጎኝ ነበር፤ ግን አጎት ሞተብኝ ያለችን ሴት ማን ይመረምራል ብዬ ተውኩት። እኛ ደግሞ ያለ ድምፅ ብልጫ አንተነፍስም፤ እጅ ይነሣ ተባለ፣ ሁሉም አነሣ። የኔም እጅ ተነሥቷል።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ሁለት ሦስት እየሆኑ። ለማስመሰል በሩ ላይ ሲደርሱ እንዲያለቅሱ ወንድም ብሩ መመሪያ ሰጥቷል። የሐርቡ ሴቶች ባለፈው ዓመት የሞቱባቸውን አስታውሰው ከልባቸው ጮሁ፤ የኮምቦልቻ ወንዶች ግን ያሰሙት ድምፅ ጉንፋን የያዘው ሰው ዓይነት ነው። ሰባቱ ተጠማቂዎች ከአንሶላ የተሰፋ ነጭ ልብስ ለብሰው ጓሮ ገቡ። ወንድም ብሩ ሰዓቱን አየ። "በሦስት ሰዓት መዝሙር፣ በሦስት ተኩል ቃል፣ በአራት ሰዓት ውኃ" አለኝ።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤቴ ዘሀራ አጥሩን ዞራ ሳትጨርስ መጮህ ጀመረች። "ሸዋዬ! ምነው ሳትነግሪኝ! ምነው እንደ ባዳ!" አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እንባዋ በትከሻዬ ወረደ። ከእሷ በኋላ የሠፈሩ ሴት ሁሉ ተከታተለ፤ ወንዶቹ የቅሬውን ድንኳን ተሸክመው ገቡ፣ ካስማ መቱ። ጋሽ ሙሄዲን በትራቸውን ተደግፈው "አላህ ያጥናሽ ልጄ፤ አብሽሪ" አሉኝ።

ወንድም ብሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ስንት ሰዓት ነው የሚቆዩት?"

"ሦስት ቀን" አልኩት።

"ፕሮግራማችን እኮ እስከ ስድስት ሰዓት ነው!"

ፊቱን ማየት ነበረባችሁ። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ፊት ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ፤ ሴቶቹ የማለቅስ መስሏቸው ደገፉኝ።

ሳቄ የቆመው ዘሀራ በሰፌድ ንፍሮ ይዛ ስትመለስ ነው። በቆሎ ነው። ያ በቆሎ በዚያው ሳምንት ከቀበሌ ራሽን የወሰደችው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰልፉ ላይ ከኋላዋ ነበርኩ። ባሏ ሰሜን ግንባር ነው፣ አራት ልጅ አላት፣ ሌላ እህል ቤቷ የለም። ሁሉንም ቀቅላው መጣች። "ብሉ እንጂ፣ ከሩቅ የመጣችሁ" እያለች ለእንግዶቹ ስትዘግን ወንድም ብሩ ሁለት እጁን ዘረጋ። ቆረጠመው። ደግሞም ጨመረችለት። ያን ጊዜ የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝና ጥላቻዬም የሚይዘው ቦታ አጣ።

ጋሽ ሙሄዲን እናቴን ሊያጽናኑ ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም ነበር፤ ብነግራትም አትዋሽልኝም።

"እንዴት ነዎት ወለተ ማርያም፣ አላህ ያጥናዎት። ወንድም እንዳለዎት አላውቅም ነበር" አሏት።

"የማን ወንድም?" አለች እናቴ።

"አሰብ ያረፈው።"

"ኧረ እኔስ ላባቴ አንድ ነኝ። ወንድምም እህትም አልነበረኝ። ማን ነው እንዲህ የሚያስጮኻችሁ?"

ጋሽ ሙሄዲን ዞረው አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ። በጓሮ በር ወጡ። እዚያ ሰባት ሰው ነጭ ለብሶ፣ እስከ አፉ የሞላ ገንዳ ዳር ቆሟል። አንዷ ተጠማቂ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሽማግሌው ገንዳውን አዩ፣ ሰዎቹን አዩ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለውን የሰፌድ ንፍሮ አዩ። ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"ጋሽ ሙሄዲን..." አልኩ።

"ቆዪ" አሉኝ።

ይህን እያሉ የግቢው በር ተንኳኳ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሀምዱ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ። ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ ብዙ ሰው ሆጤ ገብቷል የሚል ጥቆማ ደርሶታል። ድንኳኑን አየና ለጋሽ ሙሄዲን እጅ ነሣ።

"ምንድን ነው ነገሩ ጋሼ?"

አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። ሃምሳችንም ያን ቀን ቀበሌ እስር ቤት እንገባለን፤ ይገባናልም። ወንድም ብሩ የንፍሮ ቅንጣት ጢሙ ላይ እንደተጣበቀ፣ መሬት መሬት ያያል።

"ለቅሶ ነው" አሉ ጋሽ ሙሄዲን።

"የማን?"

"የሸዋረጋ አጎት። አሰብ ሞቶ።"

"ወላሂ?"

ሽማግሌው በትራቸውን አጥብቀው ያዙ። "አንተ ልጅ፣ እኔ ስነግርህ መሐላ ትፈልጋለህ?"

ሀምዱ አፈረ። ጠመንጃውን የድንኳኑ ምሰሶ ላይ አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ዘሀራ ዘገነችለት።

ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። አንዴ ለቅሶ ከተባለ ለቅሶ ነው። የሆጤ ሰው ተራ ገብቶ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ጋሽ ሙሄዲን ለሁለት ለሦስት ሽማግሌዎች እውነቱን እንደነገሯቸው ያወቅኩት ሽማግሌዎቹ እኔን ማየት ሲተዉ ነው። ያወቀው ሁሉ እያወቀ ተቀመጠ። የእኛ ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ "ያጥናሽ" እያሉኝ በመጀመሪያው ቀን ሄዱ፤ ቀድሞ የሄደው ሰብሳቢው ነው። ሰባቱ ሳይጠመቁ ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል ጋሽ ሙሄዲን እግር ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። በበትራቸው ከለከሉኝ።

"ሸዋረጋ፣ ሃይማኖትሽን አልጠየቅሁሽ። እሱን አንቺና ጌታሽ ታውቃላችሁ። እኔ ግን እስከ ቅዳሜ ድረስ በሐሰት መስክሬ አላውቅም ነበር።"

"እናቴሳ ጋሼ? የእናቴ ነገርሳ?"

"እናያለን" አሉና ካስማውን ተሸክመው ከሚወጡት ጋር ወጡ።

በሳምንቱ ኮምቦልቻ በሺር ቤት ተሰበሰብን። ወንድም ብሩ ሪፖርት አቀረበ። ጣቱ ተመልሷል። "ጌታ የጠላትን ዓይን አሳውሮ በድንቅ አወጣን" አለ። አንዳንዶቹ "አሜን" አሉ። ከዚያ የሚቀጥሉት ሦስት ወራት መርሐ ግብሮች፤ አንደኛ፣ የተላለፈው ጥምቀት በሰኔ ኮምቦልቻ ይካሄዳል፤ መሸፈኛው ለቅሶ ይሆናል፣ ዘዴው ሠርቷልና። በሺር አጎት አለህ ወይ ተብሎ ተጠየቀ።

ተነሣሁ። "ዘሀራ የቀቀለችው የልጆቿን ራሽን ነው" አልኩ። "አንተም በልተሃል።"

"እግዚአብሔር ይባርካት" አለና ወደ ሁለተኛው አጀንዳ አለፈ።

ውሸት አይደለም፤ ናቅኩት፣ አሁንም እንቀዋለሁ። ግን እሱ ያጠፋው ባለማወቅ ነው፤ እኔ አውቄ ነው። ራሽኔን ተሸክሜ ዘሀራ ደጅ ስሄድ ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝም። እውነቱን እንደሰማች ያወቅኩት "ሸዋዬ" ማለቱን ትታ "ሸዋረጋ" ስትለኝ ነው።

እናቴ ሐምሌ ላይ፣ ጠዋት፣ ውኃ ስጪኝ ብላኝ ይዤላት ሳልመለስ አረፈች። ፊቷን ሸፈንኩና ጋሽ ሙሄዲን ጋ ሄድኩ። በራቸው ላይ ጥላ እያደሱ ነበር።

"እናቴ ሞተች" አልኳቸው።

መርፌውን አስቀመጡት። ቀና ብለው አላዩኝም። ሰው በሞተ ጊዜ እንደዚያ ቁጭ ሲሉ አይቻቸው አላውቅም፤ ሰው ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ነው የሚነሡት። ዘሀራ በመንገዱ ማዶ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ጠሯት።

"ዘሀራ፣ ሂጂና ቤቷ ገብተሽ እይ።"

ዘሀራ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች፤ እንስራዋን አውርዳ ሄደች። እኔና ጋሽ ሙሄዲን በሩ ላይ ጠበቅናት። ብዙም አልቆየች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተመለሰች።

"እውነት ነው ጋሼ" አለች። "ሞታለች።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉና ተነሡ፤ ጥሩምባ ነፊውን ለመጥራት ወጡ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ አላለቀስኩም ነበር፤ ማን ያምነኛል ብዬ።