ለኮሪን የተመረጠው ሰው

ወንድሜ ኮሪን ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሲወለድ አየር አጥሮት አንጎሉ ስለተጎዳ እጅና እግሩ አይታዘዙለትም፤ ከአፉም ቃል አይወጣም። አእምሮው ግን ከእኔ ይልቅ የሰላ ነው። «አዎ» ለማለት ዓይኑን ወደ ላይ ያነሳል፤ «አይ» ለማለት ይጨፍናል። ረዘም ያለ ነገር ካለው መስታወት በሚመስል ሰሌዳ ላይ የተጻፉትን ፊደላት በዓይኑ አንድ በአንድ እያሳየ ይናገራል። አንዲት ዓረፍተ ነገር አሥር ደቂቃ ትፈጅበታለች። እናታችን ያንን አሥር ደቂቃ ነፍጋው አታውቅም።

እሷ ስትሞት ኮሪን የባሕር ዳር ከተማ በሆነችው ዋያላ ካለው ቤታችን አልወጣም አለ። እኔ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቄ ከባሌ ጋር ስንዴ አርሳለሁ፣ በግ አረባለሁ። ስለዚህ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች በሚሰጠው ድጋፍ ረዳት መቅጠር ነበረብን። መጀመሪያ የያዝነው የተመዘገበ ድርጅት ነበር፤ ቁጥጥር የሚደረግበት፣ ወረቀቱ የተሟላ። በሰባት ሳምንት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ላከልን። ኮሪን እንዴት እንደሚጎርስ እያንዳንዱ ከሀ ጀምሮ ይማራል። አንዷ፣ ትን እንዳይለው ወፈር ተደርጎ መሰጠት የነበረበትን ውሃ እንዳለ አጠጣችው፤ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሆስፒታል ተኛ።

ድርጅቱ ጋ ስደውል «ክስተቱን መዝግበነዋል» አለችኝ አንዲት ሴትዮ።

«ወንድሜንስ?» አልኳት።

ዳረልን ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። ያልተመዘገበ፣ በግሉ የሚሠራ ሰው ነበር፤ እኛ ባለን የድጋፍ ዓይነት ደግሞ እንዲህ ያለውን መቅጠር ይፈቀዳል። ደረተ ሰፊ፣ ድሮ እግር ኳስ የተጫወተ፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። እንደገባ ኮሪን ፊት ተንበረከከ።

«አለቃ፣ እንደነዚያ ሰዎች የወረቀት ክምር የለኝም። ትከሻ ግን አለኝ» አለው።

ኮሪን ሳቀ። ሲስቅ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል።

«ቀድሞ የሠራህላቸውን ሰዎች ብጠይቅስ?» አልኩት ዳረልን።

«ምን ያደርግልሻል? እሱን ጠይቂው እንጂ፤ የሚቀጥረኝ እሱ ነው።»

መልሱን ወደድኩለት። «ይሁን?» አልኩት ኮሪንን። ዓይኑን ወደ ላይ አነሳ። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሦስት ወር መልካም ነበር። በየሁለት ቀኑ ዳረል ስልኩን ኮሪን ፊት ይይዝልኛል፤ ዓይኑን እያየሁ እናወራለን። ከዚያ የስልኩ ካሜራ ተበላሸ ተባለ። ከዚያ ኮሪን ሁልጊዜ ደክሞት ይገኝ ጀመር።

«ሰሌዳውን ትተነዋል። ዓይኑን እየጎዳው ነው» አለኝ አንድ ቀን። «እኔና አለቃ ያለሱም ተግባብተናል።»

እናታችን እንኳ ያለ ሰሌዳ ሁሉንም አትረዳውም ነበር። ይህ ሐሳብ ዕቃ ሳጥብ ውል አለብኝ፤ ግን የበግ መሸለቻ ሰሞን ስለነበር ተውኩት።

በአንድ እሑድ እንደምመጣ ለዳረል ነግሬው ሄድኩ። ቤቱ ተወልውሎ ያብለጨልጫል፤ የመድኃኒት ሽታ ይከረፋል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ኮሪን ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተኝቷል።

«ፊልም ሲያይ አድሮ ነው፤ ጎረምሳ ሆኖብኛል» አለ ዳረል እየሳቀ።

አጎንብሼ «ደህና ነህ ኮሪን?» አልኩት። ዓይኑን በግማሽ ገልጦ አየኝ። ከዚያ ጨፈነ።

«አይ ማለቱ ነው እንዴ?»

«እንቅልፉ ነው እንጂ ግሌኒስ! እንዲያው አንቺ ደግሞ...»

ግንባሩን ስሜው ወጣሁ። ያ ጭፈና ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

በሳምንቱ ማክሰኞ የዋያላዋ ጎረቤታችን ሮዛልባ ደወለች። ሰማንያ አልፏታል፤ ሁለታችንንም ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቀናለች።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ቤት ለቀቀ እንዴ?»

«ኧረ የለም፤ ምነው እማማ ሮዛልባ?»

«ቴሌቪዥኑ ድሮ ጆሮዬን ያደነቁረኝ ነበር። አሁን ቤቱ ጭጭ ነው። ያ ሰውዬ ጧት ይመጣል፤ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ቆልፎ ይሄዳል። የሚመለሰው ሲመሽ ነው። ትናንት ሄጄ ባንኳኳ ከውስጥ ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ።»

ኮሪን ሰው ሲፈልግ ተረከዙን ከወንበሩ ብረት ጋር ያጋጫል።

«ዛሬስ?» አልኳት።

«ዛሬ አቁሟል።»

መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ዳረል ጋ ደወልኩ፤ እየመጣሁ መሆኔን አልነገርኩትም።

«ምሳ እያበላሁት ነው፤ ሰላም ብሎሻል» አለኝ። ከጀርባው የማላውቃት ሴት ትስቃለች፤ የገበያ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ የሥጋ ቅናሽ ያስተዋውቃል።

ስደርስ ቁልፌ በሩን አልከፍት አለ። የቁልፉ ጋን ተቀይሯል። በልብስ ማጠቢያው ክፍል መስኮት ላይ ድንጋይ ወርውሬ ገባሁ። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ኮሪን ወንበሩ ላይ በቀበቶ ታስሮ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ስሙን እየጠራሁ ጉንጩን ብመታው አልነቃም። ሰሌዳው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነበር።

ሆስፒታል ሲመረመር ደሙ ውስጥ የተገኘው የእንቅልፍ ክኒን የእናታችን ነው። ከመድኃኒት ሣጥኗ ያልጣልኩት እኔ ነኝ። ዳረል በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ሦስት ሰው ዘንድ እንደሚሠራ አድርጎ ክፍያ ይቀበል ኖሯል፤ ኮሪን ዝም እንዲል ያስተኛዋል። የኮሪን ጀርባ ሥር ከመቀመጥ ብዛት የመጣ መዳፍ የሚያህል ቁስል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሰሌዳውን ያዝኩለት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ተከተልኩ።

«አይ ብዬሽ ነበር» አለኝ።

ለፖሊስ ተናገርኩ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም አመለከትኩ፤ ባልተመዘገቡት ላይም አቤቱታ ይቀበላል። ዳረል ከሥራው የታገደው ከስምንት ወር በኋላ ነው። በመሃሉ የማንን በር እንደቆለፈ አላውቅም።

ኮሪን ከሆስፒታል ሲወጣ «ከእንግዲህ የተመዘገበ ብቻ!» አልኩት። ጨፈነ። «ቀልድ አይደለም ኮሪን!» ጨፈነ። ከተመዘገቡትም ካልተመዘገቡትም ሰው ጠርቶ ራሱ እንደሚጠይቅ በሰሌዳው ነገረኝ።

ከሌላ የተመዘገበ ድርጅት የመጣችው ሴት ማኅደር ይዛ ነበር፤ ጥሩ ሰው ትመስላለች፤ የምታወራው ግን ከእኔ ጋር ነው። ሜሌ የምትባለው የቶንጋ ደሴቶች ተወላጅ ያልተመዘገበች ነበረች። ከወንጀል ነፃ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀትና የሦስት ቤተሰብ ስልክ ሰጠችኝ፤ ሦስቱም ጋ ደወልኩ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ኮሪን ጥያቄውን ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቀች።

«አይ ብል ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«አቆማለሁ» አለችው። «ከዚያ ለምን እንደሆነ እስክትነግረኝ እዚሁ ቁጭ እላለሁ።»

ዓይኑን ወደ ላይ አነሳ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም፤ ዳረልም ያምር ነበር አፉ። ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ተስማማን፤ አምስቱን ቀን ሜሌ፣ ቅዳሜና እሑድ ከተመዘገበው ድርጅት የሚመጣ ሰው። አንዱ ያላየውን ሌላው እንዲያይ።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፏል። ባለፈው ሐሙስ ኮሪን ስልክ ላይ ደወልኩ፤ አልተነሣም። ደግሜ ደወልኩ። አምስት ጊዜ። የመኪናዬን ቁልፍ አነሣሁ። አርባ ኪሎሜትር እንደሄድኩ ከኮሪን ስልክ መልእክት ገባ። «ባሕር ዳርቻ ነን። ደህና ነኝ። ተመለሺ።»

መኪናዬን አቁሜ ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ወንድሜ በገዛ ጣቱ ጽፎ አያውቅም። የጻፈለት ሌላ ሰው ነው። እንዲጽፍለት ማዘዙን ደግሞ ማን አየ?

አልተመለስኩም። ዋያላ ስደርስ ባሕሩ ላይ ከተሠራው ድልድይ ጫፍ አገኘኋቸው፤ ሜሌ በሹካ የፈጨችለትን አሳ በማንኪያ እያጎረሰችው ነፋሱ ባርኔጣዋን ይታገላታል። ኮሪን አየኝ። ዓይኑን ወደ ላይ አላነሳም፤ አልጨፈነምም። «ተመለሺ» ያለኝ እሱ ራሱ ኖሯል፤ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረና እስክሄድ ድረስ አልመለሰውም።