እጅ ብቻ ነው የሚታየው

ምስጢሩን የማውቀው ጴንጤ ስለሆንኩ ነው። ዊንጌት አካባቢ፣ ጋሽ ወልዱና ባለቤታቸው እትዬ የዓለምወርቅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የፋሲካ ዋዜማ ዶሮው ሲንተከተክ ቤቱ ሁሉ ጿሚ ነው፤ የሚቀምስ የለም። ስለዚህ እኔ እጠራለሁ። ጋሽ ወልዱ በማንኪያ ያቀብሉኝና ዓይን ዓይኔን እያዩ ጨው እንዳለው ይጠይቁኛል። የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። እትዬ ሆስፒታል ተረኛ ይሆናሉ፤ ባይሆኑም ሽንኩርት ከማሳረር አያልፉም፣ ይህንን የሚሉት ራሳቸው ናቸው።

ጋሽ ወልዱ ጎሚስታ ናቸው። ጎማ ሲፈቱ ሲያስሩ የኖሩት እጆቻቸው ጠቁረዋል፣ የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም። እናታቸው ሴት ልጅ ስላልነበራቸው ጓዳ ያገዙት እሳቸው ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ታዲያ «ሴታ ሴት» እያሉ አሳደጓቸው። እኚህ ወንድም ዛሬም በየፋሲካው ከሱሉልታ ይመጣሉ። ለዚህ ነው ወጡ የእትዬ ነው ተብሎ የሚበላው። ዘንድሮ ግን እትዬ ያልሠሩበት ምስጋና እንደሰለቻቸው ተናግረው፣ ለወንድማቸው እውነቱን እንዲነግሩ ባላቸውን ሲለምኑ ሰምቻለሁ። ጋሽ ወልዱ ኮታቸውን አንስተው ወደ ሥራ ወጡ።

ምስጋናው ሄዶ ሄዶ ቴሌቪዥን ጣቢያ ደረሰ። የዕድሩ ሴቶች ጠቁመው፣ መሳይ የሚባል ጋዜጠኛ የሰፈሩን ባለሙያ እናት ለበዓል ፕሮግራም ሊቀርጽ በጾሙ አጋማሽ ካሜራ አስይዞ መጣ። እትዬ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው ቢላዋ ያዙ። መበለት ሲጀምሩ ጭኑ ከነጀርባው ተገንጥሎ መጣ። ከዚያ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት እንደማይወጣ ለእኔ እንኳ ገባኝ። በር ላይ የቆሙት ጋሽ ወልዱ እጃቸው በባዶው ይበልት ነበር። መሳይም አየው።

ሌላ ዶሮ እስኪመጣ፣ ለምን ጋሼ ራሳቸው እንደማይቀረጹ መሳይን ጠየቅሁት። ስፖንሰሩ ዘይት አምራች ነው፣ የፈለገው እናት ነው፣ አባት ወጥ ሲሠራ ካሳየን ቀልድ ይሆንብናል አለኝ። ከዚያ ወደ ጋሽ ወልዱ ዞረ።

«እ... ማለቴ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ይበልቱት። ፊትዎ አይወጣም። እጅ ብቻ ነው የሚታየው።»

ጋሽ ወልዱ እፎይ አሉ። እትዬ ግን ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ወጡን እኔ በላሁት።

የፋሲካ ዕለት ወንድምየው መጡ። ማዕዱ ቀርቦ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። መጀመሪያ እትዬ ፈገግ ብለው ታዩ። ቀጥሎ እጅ መጣ። አንድ ለስላሳ ድምፅ ስለ እናት እጅ ሙያ ይተርካል፣ ስክሪኑን የሞላው ግን ጥፍር የሌለው ጥቁር አውራ ጣት ነው። ያን ያህል ሰው ሲቀርጽ ሲያቀናብር፣ አንድም ሰው እጁን ልብ ብሎ አላየውም።

«ወልዱ፣ ይቺ ሴትዮ ጎሚስታ ናት እንዴ?» አሉ ወንድምየው።

ሳቁ። የተከተላቸው የለም። እትዬ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ባላቸውን ሊያድኑ ነበር መሰለኝ። ጋሽ ወልዱ ቀደሟቸው።

«እጁ የኔ ነው። ወጡም የኔ ነው። በየዓመቱ የበላኸው።»

ወንድምየው የጠቀለሉትን እንጀራ እንደያዙ ቀሩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «እማዬ የታመመች ጊዜ የበላነውስ?» አሉ።

«እሱም።»

ቴሌቪዥኑ ወደ ዘይቱ ማስታወቂያ አለፈ። ሴትዮዋ ትሪ ተሸክማ ትስቃለች፣ ባልየው ሶፋ ላይ ነው። በማስታወቂያ አገር ወንድ የሚኖረው ሶፋ ላይ ነው፤ ከዚያ ሲነሳ አይቼው አላውቅም። ወንድምየው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ የያዙትን ጎረሱ፣ ደጋግመው አኘኩ። እትዬ ሊጨምሩላቸው ጭልፋውን ሲያነሱ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«የሠራው ያውጣልኝ» አሉ።

ጋሽ ወልዱ ጭልፋውን ተቀበሉ። እንቁላሉ ሁለቴ ተንሸራቶ ድስቱ ውስጥ ተመለሰ። ወንድምየው ሳህናቸውን እንደዘረጉ ጠበቋቸው።