ኤሊን አንደኛ ያለው ሰው

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። ግሩም ራሱ በፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ጀርመን አገር ኖርድቬስትሽታት በሚባል ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቱ፣ የዶሮውን ቅልጥም እንደያዘ ምሎበታል። «አንዲት ቃል ብጨምር የሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ አይቆጠርልኝ፤ ይሄም ዶሮ ሆዴ ውስጥ አይርጋ» ብሎ።

የማለው ለልጁ ለሃይሚ ነው። ሃምቡርግ የምትማር አንድ ልጁ ናት፤ ሦስት ፋሲካ በተከታታይ በስልክ «እንኳን አደረሰህ» ስትል ከርማ ዘንድሮ በባቡር መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች።

«ፓፓ፣ እሁድ እሁድ ሥራ ነህ አይደል? ዛሬን እንዴት ፍራይ አገኘህ?» ብላ ጠየቀችው።

ሚስቱ ገነት ይህን ስትሰማ ወጡን መልሳ ልታሞቅ ተነሣች። መልሱ ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሩም የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ መንገደኛ ሲወርድ ገብተው ካቢኑን ከሚያጸዱ ስምንት ሰዎች አንዱ። አንዱ የሚባለው እንኳ ለደሞዝ ወረቀቱ ያህል ነው፤ እሱ አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ብቻውን በአሥራ አንድ ደቂቃ ጨርሶ አብራሪው ኮፍያውን ያወለቀለት ሰው ነው። ከስምንቱ አምስቱ ጿሚዎች ናቸው። የጀርመኖቹ ፋሲካ ዘንድሮ በሳምንት ቀድሞ ስላለፈ፣ የእኛው ለአለቆቹ ተራ እሁድ ሆነ፤ በዕለቱ ማረፍ የሚችለውም አንድ ሰው ብቻ ነበር። አምስት ሰው፣ አንዲት ፍራይ። በዚች ቀን የተነሣ በየዓመቱ እስከ ጰራቅሊጦስ መኮራረፍ ነው።

ፈረቃውን የሚመራው ኣንገሶም ነው፤ አስመራ ያደገ፣ በአሜሪካ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ የሚያብድ ሰው። መጋቢት ሲገባ የዲንስትፕላኑን፣ የፈረቃ ድልድሉን ሰሌዳ በእስክሪብቶ መታ መታ አደረገና «ዘንድሮስ ጭቅጭቅ የለን፣ ኣሕዋተይ» አለ። «የፊታችን እሁድ የአሜሪካኖቹ ኮሚቴ ለኮሌጆቹ ውድድር ስልሳ ስምንት ቡድን በአራት ምድብ ይደለድላል፤ ደረጃም ይሰጣል። የየምድቡን አንደኛ፣ አራቱንም ቀድሞ ያወቀ ፋሲካን ይውሰድ።»

«አራት አንደኛ?» አለች ልዕልት፣ ከግሩም ጋር አንድ መተላለፊያ የምታጸዳው ባልደረባው። «አንድ ክፍል እንዴት አድርጎ አራት አንደኛ ያወጣል?»

መልሱን ከግሩም በቀር በመላው የሄሰን ግዛት የሚያውቅ አልነበረም።

«አንድ ክፍል ነው ማን አለሽ?» አላት። «ስምንተኛ ሀ፣ ስምንተኛ ለ፣ ስምንተኛ ሐ፣ ስምንተኛ መ ብለሽ ያዥው። እያንዳንዱ የራሱ አንደኛ አለው። ኮሚቴው ካርድ ሞዪ መምህር ነው በቃ።»

ኣንገሶም ሃያ ዓመት ሲከታተል እንዲህ ተብራርቶለት አያውቅም፤ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ።

ከዚያ ጥናት ሆነ። ግሩም በስድስት ቀን ስድስት መቶ ጨዋታ አየ። ኡ-ባን ባቡሩ ላይ ያያል፣ የመቀመጫ ቀበቶ እያጠላለፈ ያያል፣ ቅዳሴ ላይም... እሱን እንኳ ይቅር ይበለው። የቡድኖቹ ስም ለምላስ ስለማይመች በአርማቸው ይጠራቸዋል፦ ነብር፣ ተኩላ፣ ንስር። እነዚህ ሦስቱ ክርክር አልነበረባቸውም፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ያገኙትን ሁሉ ሲጥሉ ስለከረሙ አምስቱም ሰዎች ጽፈዋቸዋል። ጣጣው አራተኛው ላይ ነው። ዓለም በሙሉ ድብ አለ። ጋዜጠኛው ድብ፣ ኣንገሶምም ድብ።

ግሩም ግን ድቡን ጠጋ ብሎ መረመረው። ድቡ ብዙ ያሸነፈው በገዛ አዳራሹ፣ ደካማ ደካማውን እየጠራ ነው። አርማው ላይ ኤሊ ያለበት ሌላ ቡድን ደግሞ አምስት ጊዜ ተሸንፏል፤ ነገር ግን ጠንካሮቹን በየደጃቸው ሄዶ ነው የረታቸው። ሰው ሜዳ ሄዶ ማሸነፍ እንደሚበልጥ ኮሚቴው አይጠፋውም። ግሩም ይህንን በሳይንስ አረጋግጦ አራተኛው መስመር ላይ ኤሊ ብሎ ጻፈ።

ልዕልት ወረቀቱን አይታ ሳቀች።

«ግሩሜ፣ ኤሊ? ከአሁኑ ለፋሲካ የሥራ ቱታህን እጠብ።»

ሻይዋ ደረቷ ላይ ተደፋ። ሳቋ ከተርሚናሉ ተነሥቶ ሽቫንሃይም ጫካ ድረስ ተሰማ፤ የናይሮቢው በረራ በዚሁ ምክንያት አርባ ደቂቃ ዘገየ። ግሩም ፈገግ ብቻ አለ። ሃይሚ ግን ትኬቷን ቆርጣለች፣ ኤሊ ከቀረች ልጁ ከሃምቡርግ ድረስ መጥታ የአባቷን ባዶ ወንበር ልታይ ነው።

ውጤቱ የወጣው እነሱ ተኝተው ሳለ ነው። ኣንገሶም ማንም ስልኩን እንዳይከፍት አስምሏቸው ስለነበር፣ ሰኞ ማለዳ ከሥራ በፊት በዕረፍት ክፍሉ ከበቡት። ወሬው ተሰምቶ ሻንጣ ጫኙም ጥበቃውም መጥቷል፤ የፖሊሱ ውሻ እንኳ ማሽተቱን ትቶ በሩ ላይ ተቀመጠ።

«ምድብ አንድ፣ ነብር» አለ ኣንገሶም። «ምድብ ሁለት፣ ተኩላ። ምድብ ሦስት፣ ንስር።»

ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

«ምድብ አራት» አለና ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው።

«ኤሊ።»

ክፍሉ ተናወጠ። ግሩምን ሻንጣ መጎተቻው ላይ አውጥተው አውሮፕላን ማረፊያውን ሦስቴ አዞሩት፤ ልዕልት እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀችው። ኣንገሶም በፋሲካ እሁድ ትይዩ የግሩምን ስም ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት፤ ቀጥሎም ከአሜሪካኖቹ ኮሚቴ ከራሱ ስልክ ተደወለ።

«ኤሽት? የምርህን ነው?» አለች ሃይሚ። ዓይኗ ያለው ግን አባቷ ላይ ሳይሆን ከጀርባው ነበር።

ግሩም ዞረ። ልዕልት ጫማዋን አውልቃ በሩ ጋ ቆማለች። ገነት ጋብዛት ከፈረቃዋ በቀጥታ መጥታለች፤ የመግቢያ ካርዷ ገና አንገቷ ላይ ነው።

«እሷው ናት የሳቀችው» አለ ግሩም፤ ድምፁ ግን ቀጠነ። «በይ ልዕልት፣ መስክሪ።»

ልዕልት ገነት ያቀረበችላትን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇን በናፕኪን ጠራርጋ፣ እንደ ደከመ ሰው ቀስ ብላ፣ ለሃይሚ ተናገረች።

«ኤሊን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሳቀው አባትሽ ነው። እሱ ድብ ነው ያለው። ፍራይዋም የእኔ ነበረች።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ያን ሰኞ ሦስት አውሮፕላን ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቀበቶ ሲያጠላልፍ ዋለ። ግሩም ዝም ሲል አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ። ምን ሆነህ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ልጄ ትመጣለች አለኝ። ኣንገሶምን፣ ስሜን ሰርዘህ የእሱን ጻፍ አልኩት።»