ከኮሌታው ሥር

ልብስ ሰፊው ምራቁ ቱቦው ላይ ካለው መስመር መድረሱን በሜትር ሲለካ ሚስቱ ሳቋ አመለጣት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሱሪ መሰለህ እንዴ!"

እሱ ግን የምሩን ነበር። የዲኤንኤ ምርመራውን ያዘዘው ለእናቱ ሲል ነው። እናቱ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ጦርነት ከአንድ ወንድሟ ነጥሏት፣ "ወንድሜን" እንዳለች አረፈች። ልብስ ሰፊው ስልሳ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ በእሷ በኩል አንድ ዘመድ እንኳ ሳያይ መሞት አልፈለገም። ከእናቱ ወገን የወረሰው አንድ ነገር ነው። አያቱ በሚሰፋው ኮት ሁሉ ኮሌታ ሥር ሦስት ሰማያዊ ጥልፍ ይጥል ነበርና፣ እሱም እናቱ እንዳስተማረችው ይጥላል።

ከጣቃ ጋር ያጣላውም ይኸው ነው። ጣቃ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያተረፈው እንደ ጨርቅ ጣቃ በመወፈሩ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንድ ደንበኛ ጣቃ የሰፋውን ኮት ለማሳጠር ይዞ ቢመጣ፣ ኮሌታው ሥር ሦስት ሰማያዊ ጥልፍ ቁጭ ብሏል። ልብስ ሰፊው ደሙ ፈላ። ተሻግሮ በሰው ፊት "ሌባ!" አለው። ጣቃም በሩን ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ አንዱ ደጅ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሰላምታ የሚባል ነገር የለም።

ምራቁን ከላከ ከሁለት ወር በኋላ የምርመራው ውጤት በስልክ መጣ። ሚስቱ አነበበችለት። ግማሽ ጎኑ አይሁድ ነው፤ ይሄንንስ እናቱ ነግራዋለች።

"ቆይ፣ ዘመድ ተገኝቶልሃል! የአጎትህ ልጅ!"

መቀሱን አስቀመጠ። "የት አገር?"

ሚስቱ ፎቶውን አሳየችው። ጣቃ ነው።

"ተሳስተዋል! ይሄ ሰው ምራቄንም ሰርቆኛል!"

"ያንን ጥልፍ ከማን የተማረው ይመስልሃል?" አለችው ሚስቱ።

ዕድሜ ልኩን የተመኘውን ዘመድ ዘጠኝ ዓመት ሲያኮርፍ ኖሯል። ደስታውና ሀፍረቱ ባንዴ መጡበት።

ሲሻገር ጣቃም የራሱን የምርመራ ውጤት ስልኩ ላይ ከፍቶ በሩ ላይ ቆሟል።

"በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ" አለ ልብስ ሰፊው።

"እኔም እኮ ሌባው አንተ ነህ እል ነበር፤ በሆዴ።"

ጣቃ ከሚስማር ላይ አንድ አሮጌ ኮት አውርዶ ኮሌታውን ገለበጠ። "አባቴ ለራሱ የሰፋው ነው።"

ልብስ ሰፊው መነጽሩን አደረገ። ሰማያዊዎቹ ጥልፎች አራት ናቸው።

"አራተኛዋ ለእህቴ ናት ይል ነበር" አለ ጣቃ።

ልብስ ሰፊው አለቀሰ፤ አላፈረም። ከዚያ ኮቱን ለብሶ ቢያየው ትከሻው ጠበበው።

"አውልቅ፣ ላስፋልህ" አለ ጣቃ።

"አንተ? የአጎቴን ኮት ልታበላሽ? ራሴ አሰፋዋለሁ!"

"የአባቴን ኮት!"

ጩኸታቸው ማዶ ተሰማ። ሚስቱ እንደገና ተጣሉ ብላ እየሮጠች ብትመጣ፣ ሁለቱ አንድ ኮት ግራና ቀኝ ይዘው፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ ስለ ትከሻው ይከራከራሉ።